የዓይን ጉድጓድ አጥንት ስብራት፦ ምልክቶቹ እና ሕክምናው

አንድ ታዳጊ ኳስ ሲጫወት የጓደኛው ክርን ዓይኑን መታው እንበል። ዓይኑ አልቀላም፤ እብጠትም እምብዛም የለውም። ነገር ግን ያስመልሰዋል፤ ቀና ብሎ ለማየት ሲሞክርም ያመዋል። ቤተሰቡ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ይሆናል ብሎ ሊያስብ ይችላል። የተሰበረው ግን ከዓይኑ ሥር ያለው አጥንት ሊሆን ይችላል።

ዓይን ያረፈበት ጉድጓድ ከ7 አጥንቶች የተገነባ ነው። ጠርዙ ጠንካራ ሲሆን፣ ወለሉ እና በአፍንጫ በኩል ያለው ግድግዳው እጅግ ስስ ናቸው። ቡጢ፣ ኳስ ወይም የመኪና አደጋ ይህን ስስ አጥንት ሊሰብረው ይችላል።

ዋና ዋና ምልክቶቹ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የጉንጭ እና የላይኛው ከንፈር መደንዘዝ፣ ዓይንን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ለማንቀሳቀስ መቸገር ናቸው። እብጠቱ ሲጎድል ዓይኑ ወደ ውስጥ የሰረገ ሊመስል ይችላል።

የልጆች አጥንት ለጋ በመሆኑ ተሰንጥቆ ይከፈትና እንደ በር መልሶ ሲዘጋ ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ ይይዘዋል። ይህም የልብ ምትን ሊያዘገይ፣ ማስመለስና ራስን መሳት ሊያስከትል ይችላል። የተያዘው ጡንቻ ደም ካላገኘ ዘላቂ ጉዳት ስለሚደርስበት ቀዶ ሕክምናው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲከናወን ይመከራል።

ሐኪሙ በቅድሚያ የዓይንን የማየት ችሎታ እና ዓይኑ ራሱ አለመቀደዱን ያረጋግጣል። ስብራቱን በግልጽ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው።

ብዙ ስብራቶች ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ዓይኑ ራሱ አለመጎዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ሳይጫኑ ማሳረፍ እና ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት እብጠትን ይቀንሳል። ታካሚው ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ መናፈጥ የለበትም፤ አየር በስብራቱ በኩል ወደ ዓይን ጉድጓድ ሊገባ ይችላልና። በአዋቂዎች ላይ ነገሮችን ሁለት አድርጎ ማየቱ ካልተወ፣ ዓይኑ ከሰረገ ወይም ስብራቱ ሰፊ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይደረጋል።

እይታ በድንገት ከቀነሰ፣ ዓይኑ ጠጥሮ ወደ ውጭ ከወጣ ወይም ሕመሙ ከበረታ ግን ከዓይን ጀርባ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ዓይነ ስውርነትን ሊያስከትል የሚችል አደጋ በመሆኑ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።