ሳይሰጥ የቀረው ሽልማት

እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የእኛ ሰፈር፣ የሽልማት ወሬ ከተነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ኦስካር ነው። የእኔ ልብ ግን ያለው ብዙ ጊዜ ፓሳዲና ላይ ሲካሄድ ከኖረው የኢሜጅ ሽልማት ጋር ነው።

የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ያቋቋመው ከ1909 ጀምሮ ለጥቁሮች መብት ሲታገል የኖረው የኤንኤኤሲፒ ድርጅት የቤቨርሊ ሂልስና ሆሊውድ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጨችው ቶኒ ቫዝ ትባላለች። ወላጆቿ ከባርቤዶስ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ሥራዋ አደገኛ ትዕይንት ሲመጣ በተዋናይቷ ቦታ ገብቶ መውደቅና መዝለል ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር ተዋናይ ከፍ ካለ ቦታ ሲዘል ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ የዘለለው ፊቱን ጥቁር የተቀባ ነጭ ነው። አደጋው እንኳ ለጥቁር ሰው እንጀራ እንዳይሆን ተከልክሎ ነበር ማለት ነው። ለጥቁር ተዋናዮች የሚሰጣቸው ሚናም ባብዛኛው የገረድና የአሽከር ነበር። ቫዝ ክብራቸውን የሚመልስ መድረክ ያስፈልጋል ያለችው ይህን ሁሉ በገዛ ዓይኗ እያየች ነው።

ያ የአንድ ቅርንጫፍ ዝግጅት ዛሬ በመላው አሜሪካ በቴሌቪዥን ይታያል። ከፊልሙና ከሙዚቃው ጎን ሥነ ጽሑፍም የራሱ ዘርፎች አሉት፤ ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ የሕይወት ታሪክ፣ የልጆች መጽሐፍ፣ ጀማሪ ደራሲ። ደራሲ ከዘፋኝ እኩል የሚከበርበት እንዲህ ያለ መድረክ ብዙ አላውቅም።

ሽልማቱን እንዳከብረው ያደረገኝ ግን የከለከለው ነገር ነው። በ1990 በፊልም የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ሳይሰጥ ቀረ፤ በቂ እጩ አልተገኘምና። እንዲህ ሲሆን አራተኛ ጊዜው ነበር። ችሎታ ያላት ጥቁር ተዋናይት ጠፍታ አይደለም፤ ስቱዲዮዎቹ ቁም ነገር ያለው መሪ ሚና ስለነፈጓቸው ነው። ካለችው ትንሽ ሚና አንዷን መርጦ ማጨብጨብ ቀላል ነበር። ሸላሚዎቹ ግን ቦታውን ባዶ ትተው ሆሊውድን አሳፈሩት። ከልመና ይልቅ ይህ ይበልጥ የሚሰማ ይመስለኛል።

በ2017 በዚያው በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ እጩዎቹ አምስት ነበሩ። አንዷ «ላቪንግ» በተባለው ፊልም የተወነችው፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ናት። ያሸነፈችው ታራጂ ሄንሰን ብትሆንም የሩት ስም ከእነዚያ ሴቶች ጋር ሲጠራ እኔ ኮራሁ።

ከእኛ ከኢትዮጵያውያን መካከል ይህን ሽልማት «የእነሱ ነው» ብሎ ከሩቅ የሚያይ ብዙ ነው። ልክ አይደለም። ለእኛ ዓይነቱ ስደተኛ በር የከፈተው የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው የጥቁሮች የመብት ትግል በጋለበት ወቅት ነው፤ ታጋዮቹ ባለውለታዎቻችን ናቸው። የኤንኤኤሲፒ አባልነት ለማንም ክፍት ነው። በከተማችሁ ያለውን ቅርንጫፍ ፈልጋችሁ ተመዝገቡ። ከልጆቻችሁ መጽሐፍ ያሳተመ ካለም ሥራውን ለእጩነት እንዲያቀርብ ገፋፉት።