የአፍንጫችን ዘብ

አፍንጫችን በተዘጋ ቁጥር ‹‹ሳይነስ ነው›› እንላለን፡፡ ብዙ ጊዜ ግን ጉንፋን ነው፤ ከሳምንት በኋላ ይተወናል፡፡ አንዳንዱ ሰው ከ12 ሳምንት በላይ ታፍኖ ይከርማል፤ ቡና ሲቆላ አይሸተውም፡፡ ሐኪም ሲያየው አፍንጫው ውስጥ የተላጠ ወይን ፍሬ የመሰለ ለስላሳ ሥጋ ያገኛል፡፡ ይህ ፖሊፕ ይባላል፡፡ ይቆረጣል፣ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይበቅላል፡፡ ለምን? የመልሱ አንድ ክፍል ከኛው አገር፣ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ጭምር የሄደ ነውና ታሪኩን እናውጋችሁ፡፡

ፖሊፕን መንቀል የቆየ ጥበብ ነው፡፡ በግሪካዊው ሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታዊ ጽሑፎች ውስጥ ስፖንጅ በክር አስሮ በአፍ በኩል እየጎተቱ የማውጣት ዘዴ ይገኛል፡፡ ሥጋው ለምን እንደሚበቅል ፍንጭ የተገኘው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ ኢኦሲን በተባለ ቀይ ቀለም ደምቀው የሚታዩ ነጭ የደም ሴሎችን ለይቶ ኢኦሲኖፊል አላቸው፡፡ በ1966 ደግሞ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ከአለርጂ ጀርባ ያለውን፣ ዛሬ አይጂኢ የምንለውን ፀረ እንግዳ አካል አገኙ፡፡ በብዙ ታማሚዎች ፖሊፕ ውስጥ ተሰብስበው የሚገኙት እነዚሁ ናቸው፡፡

እነዚህ ዘቦች የተፈጠሩት አፍንጫ ለማፈን አይደለም፡፡ ዋና ሥራቸው ጥገኛ ትልን መዋጋት ነው፡፡ የኛ ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል፡፡ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ አብዛኞቹ የጎንደር ክፍለ ሀገር ልጆች ነበሩ፡፡ ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ ደማቸውን ሲመረምሩ ኢኦሲኖፊሉም አይጂኢውም ከፍ ብሎ አገኙት፡፡ የአንጀት ትል ለዘመናት ያሰለፈው ጦር ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከኢትዮጵያ በሄዱት ዘንድ አስም ባልተጠበቀ መጠን በዝቶ ማግኘቱን ገለጸ፡፡ አስም የፖሊፕ ቅርብ ዘመድ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ላይ አብረው ያድራሉ፡፡

አገር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ አገኘ፤ በ2001 የወጣው ተከታዩ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ ዝቅ ማለቱን ጻፈ፡፡ ታዲያ ትሉ ይመለስ እንበል? በፍጹም! መንጠቆ ትል የልጅና የእናት ደም የሚመጥ ጠላት ነው፡፡ ነገሩ የሚያስተምረን ያው ዘብ ሲታዘዝ እንደሚጠብቅ፣ ያለ ቦታው ሲነሳ ግን የገዛ ቤቱን እንደሚያፈርስ ነው፡፡

በፖሊፕ የሚሆነውም ይኸው ነው፡፡ የተጎዳ የአፍንጫ ሽፋን የድረሱልኝ ጥሪ ያሰማል፡፡ ኢንተርሊውኪን 4፣ 5 እና 13 የተባሉ መልእክተኞች ኢኦሲኖፊሎችን ይጠራሉ፣ ንፍጥ ያበዛሉ፣ ሽፋኑም ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፡፡ ቢላዋ እብጠቱን ያነሳል፤ ጥሪውን ግን አያስቆምም፡፡ ለዚህ ነው ተመልሶ የሚበቅለው፡፡ በ2019 አሜሪካ ለፖሊፕ የፈቀደችው ዱፒሉማብ የተባለ መርፌ የሁለቱን፣ የ4ንና የ13ን መልእክት ይዘጋል፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም፡፡

ደግነቱ ሕክምናው የሚጀምረው ከመርፌው አይደለም፡፡ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተበጠበጠ ጨው አፍንጫን ማጠብና ሐኪም ያዘዘውን የስቴሮይድ አፍንጫ መርጫ ሳያቋርጡ መጠቀም ነው፡፡ ከቀዶ ሕክምና በኋላም መርጫው ይቀጥላል፡፡ በየወሩ አንቲባዮቲክ መግዛት ግን ለዘቡ ጥሪ መልስ አይሆንም፡፡ በአንድ ወገን ብቻ የሚያፍን ወይም የሚያደማ ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው፡፡

ከመካነ ብርሃን ወይም ከደባርቅ ተነስቶ ጎንደር ድረስ ለቀዶ ሕክምና የሚሄድ ሰው የላምና የበግ ዋጋ ከፍሎ ነው የሚሄደው፡፡ ሲመለስ ‹‹ተቆርጦልሃል፣ ጨርሰሃል›› ከሚሉት ይልቅ ‹‹ዘብህ ገና አልተኛም፣ መርጫህን አትጣል›› ቢሉት ለዚያ ገንዘብ የሚገባ ምክር ነው እንላለን፡፡