መብራት ሲሄድ

አዳማ ላይ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በፕላዝማ ዘመን። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ፦ ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍ ቴሌቪዥን፣ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት፣ እንግሊዝኛው የሚሮጥ ሰውዬ። ከ40ው ደቂቃ 30 ያህሉ የእሱ ነው። ቲቸር መግቢያ ይናገራል፣ ያበራል፣ ዳር ይቆማል። ያልገባው ቢኖር ሰውዬውን ማስቆም አይቻልም። "ተወያዩ" ይለንና ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ መልሱን ራሱ ይነግረናል።

የሚገርመው፣ ወረቀት ላይ ያለው ሌላ ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሚያስብ፣ ችግር የሚፈታ ዜጋ ይፈልጋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ሥልጠና ሲከለስ ደግሞ "ተማሪ ተኮር" የሚለው ቃል የሁሉም አፍ ላይ ገባ። ሐሳቡ የነፒያዤና የነቪጎትስኪ ነው፦ ልጅ የሚሞላ ጆንያ አይደለም፤ አዲሱን ነገር ቀድሞ በሚያውቀው ላይ እየገነባ ይማራል። (የቅኔ ቤት ተማሪ በየቀኑ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ሲያሰማና ሲታረም መኖሩን ሳስብ፣ ነገሩ ያን ያህል የባዕድ አይመስለኝም።) ደህና፤ ግን ቀድሞ የሚያውቀውን ያወቀው በምን ቋንቋ ነው? ከእኛ ክፍል ገሚሱ እስከ ስምንተኛ በአፋን ኦሮሞ፣ ገሚሱ በአማርኛ የተማረ ነው።

አንድ ቀን ጂኦግራፊ ላይ ሰውዬው ስለ ስምጥ ሸለቆ ሲያወራ መብራት ሄደ። ጨበጨብን። ቲቸር ወደ ውጭ አወጣንና "የት ነው የቆማችሁት?" አለ።

"ናዝሬት!"

ሳቀ። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር የከበቧትን ኮረብታዎች በጣቱ አሳየን። የሶደሬ ውሃ ለምን እንደሚፈላ ጠየቀ። አንዱ "ጠበል ስለሆነ" አለ፣ ሌላው "እሳተ ገሞራ" አለ፤ ተከራከርን። ከዝዋይ የመጣች፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምተን የማናውቅ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ተናገረች፦ እነሱ አገር ከዝናብ በኋላ ሜዳው ተሰንጥቆ ያድራል፤ ታዲያ ስንጥቁና የሶደሬ ሙቀት ምክንያታቸው አንድ ይሆን? ቲቸር ለሌሎቻችን ተረጎመልን። ከዚያ መሬት ላይ በእንጨት እየሣለ፣ ምድራችን በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር እየተለያየች መሆኑን፣ ቅርፊቷ በሳሳበት ሙቀቱ ወደ ላይ እንደሚቀርብ አስረዳን። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ጠየቀች። ያን ክፍለ ጊዜ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መብራት ሲመጣ ሰውዬው እየተሰናበተን ነበር።

አሁን እኔም አስተማሪ ነኝ። "አንድ ለአምስት" መጥቶ አይቻለሁ፦ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያሰፍራሉ፣ ሪፖርቱ ላይ "አሳታፊ ዘዴ" ተብሎ ይጻፋል። እኔም ጽፌአለሁ። 60 ተማሪ ይዞ ምዕራፍ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የዝዋይዋ ልጅ በ2000 የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወሰደች። ጂኦግራፊው በእንግሊዝኛ ነበር። አላለፈችም።