የዓይን ድካም ታሪክ፦ ዕረፍቱ የማን ኃላፊነት ነው?

ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ፊት የሚውል ሰው ማምሻውን የሚሰማውን ያውቀዋል፤ በቅንድብ ዙሪያ የሚጨመድድ ሕመም፣ የዓይን መቆርቆርና መድረቅ፣ የፊደላት መደብዘዝ፣ ግንባር ላይ የሚያርፍ ክብደት። አብዛኞቻችን ይህን የግል ጉዳይ አድርገን እንወስደዋለን፤ ጠብታ እንገዛለን፣ ዓይናችንን አሸት አሸት እናደርጋለን፣ ወደ ሥራችንም እንመለሳለን። ሆኖም የዓይን ድካም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የተጻፈለት የሥራ ታሪክ አለው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄም አንድ ነው፤ መለወጥ ያለበት ሠራተኛው ነው ወይስ ሥራው? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ የሚያትተውን መጽሐፉን በሞዴና አሳተመ። ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው የተለመዱ ጥያቄዎች ጋር የሥራውን ዓይነት ጨምሮ እንዲጠይቅ ያሳሰበው እርሱ ነው። በ1713 በወጣው የተስፋፋ እትም እንደ ሰዓት ሠሪዎች ባሉ ጥቃቅን ነገር በሚሠሩ ባለሙያዎች ላይ የሚደርሰውን የዓይን ጉዳት መረመረ። እንደ እርሱ አገላለጽ ጉዳቱ የሚመጣው ዓይን ለረጅም ጊዜ በአንድ ቅርብ ነገር ላይ ተተክሎ በመቆየቱ ነው። መነጽርን እንደ ረዳት ቆጠረው፤ ከዚህም ጋር በየመካከሉ ሥራውን አስቀምጦ ዓይንን ወደ ሌላ ነገር ማዞርን መከረ። ዛሬ የዓይን ሐኪም ከሚነግረን ምክር ብዙም የራቀ አይደለም።

ምክሩ ትክክል ቢሆንም ምክንያቱን በአካል አሠራር ለማስረዳት ሌላ አንድ መቶ ተኩል ዓመት አስፈለገ። በዚያ መካከል የዓይን ድካም እንደ ነርቭ ድክመት ይታይ ነበር፤ በሽተኛውም ንባቡን ወይም ሙያውን እንዲተው ይመከር ነበር። የኡትሬክቱ ሊቅ ፍራንሲስከስ ዶንደርስ በ1864 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ነገሩን ግልጽ አደረገው። ቅርብ ነገር ስናይ በዓይን ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ ትኮማተራለች፤ በዚህም ሌንሷ ይበልጥ ትጎብጣለች፤ ሁለቱ ዓይኖችም ወደ አፍንጫ ይዞራሉ። የዓይኑ ኳስ አጭር የሆነበት ሰው ደግሞ ሩቁን ለማየት እንኳ ይህችን ጡንቻ ያሠራል፤ ቅርቡን ለማየት እጥፍ ይደክማል። መድኃኒቱ ሙያ መተው ሳይሆን ተገቢው መነጽር ነበር። ሰነፍ ወይም ደካማ ይባል የነበረው ብዙ ተማሪና ልብስ ሰፊ፣ ለካ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ጡንቻ ተሸክሞ ኖሯል።

የዶንደርስ ግኝት ግን ጉዳዩን ወደ ግለሰቡ ዓይን መለሰው። ወደ ተቋማት ያዞረው ሄርማን ኮን ነው። ኮን በብሬስላው፣ በዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮትስዋፍ፣ የ10,060 ተማሪዎችን ዓይን መርምሮ ውጤቱን በ1867 አወጣ። ሩቁን ማየት የሚቸገሩት ልጆች ቁጥር ከመንደር ትምህርት ቤት ወደ ከተማ፣ ከታችኛው ክፍል ወደ ላይኛው እየጨመረ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ኮን ስለ መስኮት ስፋት፣ ስለ ጠረጴዛ ከፍታና ስለ ብርሃን መከራከር ጀመረ።

ክርክሩ በኮምፒውተር ዘመን እንደገና ተነሣ። በ1970ዎቹ ማለቂያ የጋዜጣና የኢንሹራንስ ሠራተኞች ማህበራት ስለ ስክሪን አቤቱታ ሲያበዙ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጥናት አካሄደ። በ1981 የወጣው ውጤት እጅግ አስተማሪ ነው። በስክሪን ላይ መረጃ የሚያስገቡ ጸሐፊዎች ከፍተኛ ሕመምና ጭንቀት ሲናገሩ፣ በተመሳሳይ መሣሪያ የሚሠሩት ባለሙያዎች ግን አቤቱታቸው አነስተኛ ነበር። ልዩነቱን ለማስረዳት ተመራማሪዎቹ ያመለከቱት የሥራውን ሁኔታ ነው፤ ባለሙያዎቹ የሥራቸውን ፍጥነት ራሳቸው ይወስናሉ፣ ሲፈልጉም ይነሣሉ፤ ጸሐፊዎቹ ግን ፍጥነታቸው በሌላ ይመራል። ተቋሙም ሥራው ለዓይን መካከለኛ ጫና ሲኖረው በየሁለት ሰዓቱ፣ ከባድ ሲሆን በየሰዓቱ የ15 ደቂቃ ዕረፍት እንዲሰጥ መከረ።

ምክሩን ሕግ ለማድረግ የተደረገው ሙከራ በሁለቱ አህጉሮች ሁለት መንገድ ያዘ። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1990 መጨረሻ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን አሠሪዎች የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። በ1992 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሥልጣኑ የክፍለ ግዛቱ እንጂ የከተማዋ አይደለም ሲል ሻረው። በአሜሪካ የስክሪን ሥራን ለይቶ የሚገዛ የፌዴራል ደንብ እስከ ዛሬ የለም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ግን በዚያው በ1990 ባወጣው መመሪያ ቁጥር 90/270 ለስክሪን ሠራተኛ የዓይን ምርመራን፣ የሥራ ዕረፍትን፣ አስፈላጊ ሲሆንም ለሥራው የሚሆን መነጽርን ያለ ክፍያ የማግኘት መብት ሰጠ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2022 ከሩማንያ በቀረበ ጉዳይ ላይ፣ መነጽርም በዚህ መብት ሊካተት እንደሚችል አረጋግጧል። እንግሊዝም በ1992 ያወጣችው ተመሳሳይ ደንብ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላም ይሠራባታል። እንግዲህ በፍራንክፈርት የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ በሕግ የሚጠይቀውን፣ በቨርጂንያ የሚሠራው ወንድሙ ከአሠሪው ቸርነት ወይም ከኢንሹራንሱ ይጠብቃል።

ሕጉ ወደ ኋላ በቀረበት ቦታ ገበያው ይገባል። ሰማያዊ ብርሃንን ይከላከላሉ የሚባሉት መነጽሮች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ2023 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 17 ሙከራዎችን መርምሮ፣ በኮምፒውተር ሥራ የሚመጣን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ ውስጥ ላይቀንሱ እንደሚችሉ ደምድሟል። በየ20 ደቂቃው 20 ጫማ ርቆ ያለ ነገርን ለ20 ሰከንድ ማየት የሚለው ደንብም ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ቁጥሮቹ ግን በጠንካራ ማስረጃ የቆሙ አይደሉም። የጸናው የራማዚኒ መሠረተ ሐሳብ ነው፤ በየመካከሉ ሩቅ መመልከት። ስክሪን ስናይ የዓይን መርገብገብ በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ አስቦ ማርገብገብ፣ ስክሪኑን ከዓይን ትይዩ ዝቅ ማድረግ፣ ነጸብራቅን መቀነስና ትክክለኛ መነጽር መያዝ ከሁሉ ይበልጣሉ። ድንገተኛ የእይታ መቀነስ ወይም ብርቱ ሕመም ግን ድካም ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን በአስቸኳይ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው።

ለአገራችን ጉዳይ የሚያስቡ አንባቢዎች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት አለ። በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመ ጥናት፣ በሕንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ የሻይ ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ሲሰጥ ምርታማነታቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ከ20 በመቶ በላይ እንደ ጨመረ አሳይቷል። ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጥልፍ ጠላፊዋና ቁም ጸሐፊው ከ40 ዓመት በኋላ የሚገጥማቸው ያው ነው፤ እጅ ሙያውን ሳይረሳ ዓይን ቀድሞ ይሰንፋል። በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ላይ የምታጎነብስ ወጣት ደግሞ የ1981ዱ ጥናት ያነሣው ጥያቄ ይመለከታታል፤ ዓይኗን ለማሳረፍ ቀና የምትልበትን ጊዜ የሚወስነው ማን ነው? ስለ ኢንዱስትሪ ፖሊሲ ስንከራከር የብርሃን፣ የመነጽርና የዕረፍት ጥያቄ ከደመወዝና ከታክስ ጋር በአንድ ገጽ ሊሰፍር ይገባዋል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሲዘነጋ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ሠራተኛው ብቻ ነው።