የአንድ ዶላር ቴምብር፣ የአሥር ዶላር መንገድ

አጎቴ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ቀን ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፤ ማታ ማታ ቴምብር ይሸጣል። ሱቅ የለውም። ያለው የመኝታ ቤት ጠረጴዛ፣ አንድ ስካነር፣ ከሃያ በላይ የጫማ ካርቶንና ኢንተርኔት ላይ የከፈተው የመሸጫ ገጽ ነው። የሚሸጠው በአብዛኛው የኢትዮጵያ ነገር ነው፦ የምኒልክና የጃንሆይ ዘመን ቴምብሮች፣ አሮጌ ፖስት ካርዶች፣ ማህተም ያረፈባቸው ያገለገሉ ፖስታዎች። ጥቂት ውድ ዕቃዎች አሉት። የቀረው ግን አንድ ዶላር፣ ሁለት ዶላር፣ ቢበዛ አምስት ዶላር የሚያወጣ ነው።

ባለፈው ክረምት ደወለልኝ። "አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ትችላለህ አይደል? እስቲ ይቺን አስላልኝ። እየሠራሁ ነው ወይስ እየተጫወትኩ?" አለኝ።

የ1,140 ዕቃዎች ዝርዝር በኤክሴል ላከልኝ። እኔም አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩለት። ሥራው ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ይወስዳል፣ ከመላኪያው ሂሳብ ጋር ያነጻጽራል፣ መላኪያው ከዕቃው ከበለጠ መስመሩን ቀይ ያደርገዋል። መጀመሪያ ገዢው አሜሪካ ውስጥ እንዳለ አድርጌ አስኬድኩት፤ ጥቂት መስመሮች ቀሉ። ቀጥዬ ገዢው አውሮፓ እንዳለ አድርጌ አስኬድኩት። ከ1,140ው 1,012ቱ ቀይ ሆኑ።

ኮዱ ላይ ስህተት አለ ብዬ ሁለት ጊዜ አየሁት። ስህተት የለም። ችግሩ የአጎቴ ገዢዎች ግማሽ ያህሉ አውሮፓ መሆናቸው ነው። የኢትዮጵያን ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ጣሊያን ውስጥ አለ፣ ጀርመን ውስጥ አለ፣ እንግሊዝ ውስጥ አለ። አራት ግራም የማይሞላ ወረቀት ወደነሱ ለመላክ ከወረቀቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይከፈላል። ይሄ እንዴት ሆነ? ኮዱ ውስጥ መልስ ሳጣ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ።

ታሪኩ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ1840 በፊት እንግሊዝ ውስጥ የደብዳቤ ዋጋ የሚሰላው በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነው። ፖስተኛው በር ያንኳኳል፣ ሂሳቡን ይናገራል፣ ሰውዬው ገንዘብ እስኪያመጣ ይጠብቃል። ተቀባዩ አልከፍልም ካለ ደብዳቤው መጣበት ይመለሳል።

ሮውላንድ ሂል የሚባል አስተማሪ በ1837 ቁጭ ብሎ ሂሳቡን ሠራው። ከለንደን ኤድንብራ ድረስ አንድ ደብዳቤ ለማጓጓዝ የሚወጣው ወጪ የአንድ ፔኒ 36ኛ እጅ ብቻ ሆኖ አገኘው። ማለትም ርቀቱ ምንም ማለት አይደለም። ገንዘቡ የሚያልቀው የእያንዳንዱን ደብዳቤ ዋጋ በመተመን፣ መዝገብ በመጻፍና በር ላይ ቆሞ ሂሳብ በመቀበል ነው። ፕሮግራም የምንጽፍ ሰዎች ይሄ ነገር አይገርመንም፤ ፕሮግራም የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ እኛ በጠረጠርነው ቦታ አይደለም። መለካት ያስፈልጋል። ሂል ለካ።

መፍትሔው አጭር ነበር። ላኪው ቀድሞ ይክፈል፤ ለግማሽ አውንስ ደብዳቤ ዋጋው የትም ይሂድ የት አንድ ፔኒ ይሁን። በሜይ 1840 የመጀመሪያው ቴምብር ሥራ ላይ ዋለ። በዓመቱ የሚላከው ደብዳቤ ከ76 ሚሊዮን ወደ 169 ሚሊዮን ገደማ ዘለለ። ብዙም ሳይቆይ ያገለገሉትን ቴምብሮች የሚሰበስቡ ሰዎች መጡ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ቴምብር መሰብሰብ ከርካሽ መላኪያ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው። ለረጅም ጊዜ ነጋዴዎች ለልጆች ሳይቀር ቴምብር በፖስታ በእምነት ይልኩ ነበር። ልጁ የወደደውን አስቀርቶ ዋጋውን ይልካል፣ ያልወደደውን ይመልሳል። ጥቂት ሳንቲም ለሚያወጣ ወረቀት ሦስት ጊዜ ፖስታ ቤት ማስኬድ! መላኪያው ርካሽ ባይሆን ማንም አያስበውም ነበር።

ይሄ በአንድ አገር ውስጥ ነው። በአገሮች መካከል ግን ሌላ ጣጣ ነበር፤ ደብዳቤ ድንበር ባለፈ ቁጥር ሌላ ስምምነት፣ ሌላ ዋጋ። በኦክቶበር 1874 የ22 አገሮች ተወካዮች ስዊዘርላንድ በርን ላይ ተሰብስበው ዛሬ የዓለም ፖስታ ኅብረት የምንለውን መሠረቱ። ደንባቸው ደስ ይላል፦ ላኪው አገር የቴምብሩን ገንዘብ ለራሱ ያስቀራል፣ ተቀባዩ አገር ያለ ክፍያ ያደርስለታል። ለምን? ደብዳቤ መልስ አለው። ዛሬ እኔ ያንተን አደርሳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን ታደርሳለህ።

ከዚህ ኅብረት ውጪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የእኛው ታሪክ ያሳያል። የኢትዮጵያ ፖስታ የተመሠረተው በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ አራቱ የአፄ ምኒልክን ምስል፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ የያዙ። ግን እስከ 1908 አገራችን የኅብረቱ አባል አልነበረችምና ቴምብሮቹ ከድንበር ውጪ አይሠሩም። ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ የሚሄድ ደብዳቤ በፈረንሳይ ፖስታ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። አንድ መንገድ፣ ሁለት ክፍያ። አጎቴ እንዲህ ዓይነት አንድ ፖስታ አለው፤ በላስቲክ ሸፍኖ ነው የሚያስቀምጠው። "ይሄ ነው ውዱ" ይለኛል። ያኔ ለላኪው ጣጣ የነበረው ነገር ዛሬ ለሰብሳቢው ሀብት ሆኗል።

የበርን ደንብ ከዘጠና ዓመት በላይ ቆየ። በኋላ ግን ሚዛኑ ተዛባ። አንዳንዱ አገር ከሚቀበለው እጅግ የበለጠ መላክ ጀመረ። ስለዚህ በ1969 ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባኤ ብዙ የሚልክ አገር ለተቀባዩ አገር ማካካሻ እንዲከፍል ተወሰነ። ክፍያው ዝቅተኛ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ለታዳጊ አገሮች የበለጠ ዝቅ ያለ ሆነ። ደብዳቤ ብቻ ሲላክ ይሄ ብዙም አያጣላም።

ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። በሴፕቴምበር 1995 ፒየር ኦሚድያር የተባለ የ28 ዓመት ፕሮግራመር፣ የእኔ እኩያ ማለት ነው፣ በኋላ ኢቤይ የሆነውን የጨረታ ገጽ ከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ሽያጮች አንዱ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። የተሰበረ ዕቃም የሚፈልገው ሰው አለው፤ ችግሩ ሁለቱ ሰዎች እንዴት ይገናኙ የሚለው ነው። ገጹ አገናኛቸው። ግን ልብ በሉ፣ ገጹ ብቻውን ምንም አይሠራም። ዕቃውን የሚያደርሰው ያው የሂል ፖስታ ቤት ነው። ሶፍትዌሩ አዲስ፣ መንገዱ የ150 ዓመት።

አጎቴ በዚህ መንገድ ገባ። በጥሩው ጊዜ አንድ ቴምብር በተራ ፖስታ አድርጎ፣ የ1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ቴምብር ለጥፎበት ቱሪን ይልክ ነበር። ቱሪን ያለው ደንበኛው ጡረተኛ ነው። በየወሩ ሁለት ሦስት ቁራጭ ይገዛል፤ አንድ ወር የወፍ ቴምብር፣ ሌላ ወር የድሬዳዋ ማህተም ያለበት ፖስታ። ለዓመታት እንዲህ ቀጠሉ። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

መንገዱ የጠበበው ቀስ በቀስ ነው። በሜይ 2007 የአሜሪካ ፖስታ ወደ ውጭ አገር በመርከብ መላክን አቆመ፤ ቀርፋፋው ግን ርካሹ መንገድ ቀረ። ይሄ ከሁሉ በላይ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ነው የጎዳው። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ ወደ ውጭ የሚሄድ ተራ ደብዳቤ ሰነድ ብቻ እንዲይዝ ተደነገገ። ዕቃ ከሆነ፣ አንዲት ቴምብርም ብትሆን፣ ባርኮድ ለጥፎ በጥቅል ዋጋ መላክ ነው። ወደ አውሮፓ ይሄ ከ10 ዶላር በላይ ነው። 1 ዶላር ከ15 የነበረው በአንድ ሌሊት አሥር ዶላር አለፈ። የወረቀቱ ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሙ ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አሜሪካ ከኅብረቱ እወጣለሁ አለች። ምክንያቷ ያ የማካካሻ ክፍያ ነበር፤ ከቻይና የሚመጣ ትንሽ ጥቅል እዚያው አሜሪካ ውስጥ ከሚላከው በረከሰ ዋጋ ይደርስ ነበርና። ቅሬታው መሠረት አለው፤ አገር ውስጥ ያሉ ትናንሽ ሻጮችም ሲያማርሩበት የኖሩት ነው። በሴፕቴምበር 2019 ጄኔቫ ላይ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠርቶ ስምምነት ተደረሰ፤ ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ አሜሪካ የምታስከፍለውን ራሷ መተመን ጀመረች። ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። "ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን" የሚለው የበርን ደንብ በዚሁ አበቃ ማለት ይቻላል።

አገር ውስጥስ? በ2019 መጀመሪያ የአንድ ተራ ደብዳቤ ዋጋ 55 ሳንቲም ነበር። ከ2021 ጀምሮ በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ እየጨመረ በጁላይ 2025 78 ሳንቲም ደረሰ። ለዚህ ፖስታ ቤቱን መራገም ቀላል ነው፤ አጎቴም ይራገማል። ግን የሂልን ሂሳብ ገልብጣችሁ እዩት። አሜሪካ ውስጥ በ2001 ከ103 ቢሊዮን በላይ ደብዳቤ ተልኮ ነበር። በ2023 ወደ 46 ቢሊዮን ወርዷል። ፖስተኛው ግን አንድ ደብዳቤም ይያዝ አሥር፣ ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ሂል ዋጋውን ያረከሰው ሕዝቡ ብዙ ይጽፋል ብሎ ነው። እኛ መጻፍ አቆምን። ሂሳቡ በቀሩት ላይ ተከፋፈለ፤ ከቀሩት አንዱ አጎቴ ነው።

በ2025 ክረምት ደግሞ ከሌላ በኩል መጣ። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነፃ መብት ከኦገስት 29 ጀምሮ ለሁሉም አገር አነሳች። ቀረጡን ማን ሰብስቦ ለማን እንደሚያስገባ ግልጽ ስላልነበረ 88 የፖስታ ድርጅቶች ወደ አሜሪካ መላክን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ አቆሙ። በዓለም ፖስታ ኅብረት ሪፖርት መሠረት፣ በዚያ ቀን ወደ አሜሪካ የሚሄደው የፖስታ ዕቃ ከሳምንት በፊት ከነበረው በ81 በመቶ ወረደ። አጎቴ ዕቃ የሚገዛው ከጀርመንና ከፈረንሳይ ጨረታዎች ነው። ለሳምንታት ምንም አልገባለትም።

ወደዚያ ቀይ ዝርዝር ልመለስ። ፕሮግራሙን ሳስኬድ የገረመኝ የቀዩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ያልቀላው የቱ እንደሆነ ነው። የ400 ዶላር ፖስታ መላኪያው አሥርም ይሁን ሃያ አይሰማውም። ገዢው ይከፍላል። የ1 ዶላር ከ50 ቴምብር ግን በዚያ ዋጋ የትም አይሄድም። የመላኪያ ጭማሪ ገበያውን እኩል አያሳንሰውም፤ ከታች ነው የሚቆርጠው። ከታች ያለው ማነው? በኪስ ገንዘቡ የሚጀምር ልጅ አለ፣ የቱሪኑ ጡረተኛ አለ። ዕቃዎቹም አሉ። ደሴ ላይ ተማህትሞ አስመራ ለአንድ መምህር የተላከ ፖስታ፣ ዋጋ የሌለው ነገር። የንጉሥ ደብዳቤ ሁልጊዜ ቦታ ያገኛል። የመምህሩ ፖስታ ግን የሚተርፈው የሆነ ቦታ ያለ ሰው ሁለት ዶላር ከፍሎ ሲወስደው ብቻ ነው። መላኪያው ከዘጋበት ካርቶን ውስጥ ይቀራል፣ አንድ ቀን ቤት ሲጸዳ ይጣላል።

ሻጮች መላ አያጡም። ኢቤይ ከ2021 ጀምሮ ለካርድ፣ በኋላም ለቴምብርና ለፖስት ካርድ የሚሆን ርካሽ ፖስታ አውጥቷል፤ ግን አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። አጎቴም የወፎቹን ቴምብር መቶ መቶ እያደረገ በአንድ ፖስታ መሸጥ ጀምሯል። መላኪያው ለመቶ ሲካፈል ይቀላል። የሚገዛው ግን ነጋዴ ነው። አንዷን መርጦ የሚገዛው ሰው ቀረ።

ውጤቱን የነገርኩት በስልክ ነው። ዝም አለ። "ጣላቸው ነው የምትለኝ?" አለኝ። አይደለም አልኩት። ሂሳቡ ያንን እንደሚል ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ለቱሪኑ ሰውዬ ጽፎለት ነበር፤ ሰውዬውም መላኪያው ሲረክስ እገዛለሁ ብሎ መለሰለት። ይሄ ከሆነ ዓመት አልፏል።

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤቱ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ በእጇ አንድ ፖስታ ላከልኝ። ቦሌ ሄጄ ተቀበልኳት። ለዘመዶቿ ካመጣችው ቫይታሚንና ጫማ መሐል አወጣችልኝ። ውስጡ የደሴው ፖስታ ነበር፤ የመምህሩ ስም በቀለም ብዕር ተጽፎ፣ ማህተሙ ግማሹ ጠፍቶ። መላኪያ አልተከፈለበትም። በሰው እጅ ነው የመጣው፣ ልክ ፖስታ ቤት ሳይኖር በፊት እንደሚላከው።

ከወዲያው ደወልኩለት። "ደረሰ?" አለኝ። ደርሷል አልኩት። "በል ሌላም ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ፤ ካርቶን አዘጋጅ።"