ታሊዶማይድ፦ ከሥጋ ደዌ ወደ ማዬሎማ



ዛሬ የማቀርበው የአንድ መድኃኒትን ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሊዶማይድ በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለእንቅልፍ መድኃኒትነት ለገበያ ቀረበ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 መጨረሻ እስኪሰበሰብ ድረስ ባስከተለው ጉዳት ከ10,000 በላይ ሕፃናት ከነአካል ጉድለታቸው ተወለዱ። ይህ ክፍል የታወቀ ስለሆነ አልቆይበትም።

በ1964 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያዕቆብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም፣ በሥጋ ደዌ ሪአክሽን ተሠቃይቶ እንቅልፍ ላጣ ሕመምተኛ ይህንኑ መድኃኒት ሰጠ። ሪአክሽን የምንለው ትኩሳትና የሚያምም የቆዳ እባጭ ይዞ የሚነሣውን የሰውነት ቁጣ ነው። ሕመምተኛው ተኛ፤ ሳይጠበቅ እባጩም በረደ። የተወገዘው መድኃኒት ከሕክምና ዓለም ጨርሶ ያልጠፋው በሥጋ ደዌ ሕሙማን ምክንያት ነው። አሜሪካ በ1998 የፈቀደችውም ለዚሁ ሪአክሽን ነበር።

በ1994 ሮበርት ዳማቶና ባልደረቦቹ መድኃኒቱ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳይበቅሉ እንደሚያግድ አሳዩ። ከዚያ በአርካንሳስ፣ ላገረሸና ለሌላ ሕክምና አልበገር ላለ መልቲፕል ማዬሎማ፣ ማለትም ለአንድ ዓይነት የአጥንት መቅኔ ካንሰር፣ ተሞከረ። በ1999 በታተመው ጥናት ከ84 ሕሙማን ሲሶ ያህሉ መሻሻል አሳዩ። ዋጋው ድብታ፣ የሆድ ድርቀትና የእጅና የእግር መደንዘዝ ነበር፤ ከዴክሳሜታዞን ጋር ሲሰጥ ደግሞ ደም በደም ሥር ውስጥ ይረጋል። በ2006 ላገረሸ ማዬሎማ የተፈቀደው ታናሽ ወንድሙ ሌናሊዶማይድ ነርቭን ብዙም አይጎዳም፤ የደም ሴሎችን ግን ይቀንሳል። ልብ በሉ፤ ሥጋ ደዌ ራሱ ነርቭ የሚያጠፋ በሽታ ነው። ታሊዶማይድ የሚወስድ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ እግሩ ቢደነዝዝ፣ ጥፋቱ የበሽታው ይሁን የመድኃኒቱ መለየት ሐኪሙን ያስቸግረዋል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከዚህ ከካራ ተነሥታችሁ፣ እንጦጦን በስተጀርባ ትታችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከተማዋን ብታቋርጡ አለርት ትደርሳላችሁ። በ1965 በዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ላይ የተመሠረተ፣ ከመላ አፍሪካ የመጡ ባለሙያዎችን ያሠለጠነ ማዕከል ነው። እዚያ ግን በቅርብ ዓመታት ጥናቶቹ ሲካሄዱም ታሊዶማይድ አልነበረም። ሕሙማኑ የሚታከሙት በፕሬድኒሶሎን ነበር። ሪአክሽኑ እየተመላለሰ ስለሚያገረሽ መድኃኒቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይወሰዳል። ስቴሮይድ ሲረዝም የስኳር በሽታ ያመጣል፤ አጥንት ያሳሳል፤ የሰውነትን የመከላከል ዐቅም ያዳክማል። በ2014 ከአለርት መዛግብት ተጠንቶ የታተመ ጽሑፍ የእነዚህን ሕሙማን ሞት ከረጅም ጊዜ የስቴሮይድ አወሳሰድ ጋር አያይዞታል።

ታሊዶማይድን የመፍራት ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። በብራዚል ለሥጋ ደዌ ከተሰጠው መድኃኒት የተነሣ ጉዳተኛ ሕፃናት ተወልደዋል። ሆኖም የስቴሮይድ ጉዳት ቀስ ብሎ ስለሚመጣና ፎቶግራፍ ስለማይነሣለት ብቻ ከሚዛኑ መውጣቱን አልቀበልም። መድኃኒቱን በሕመማቸው ያተረፉት ሰዎች ወገን እዚህ ሳያገኘው፣ የማዬሎማ ሕመምተኛ በሌላ አገር ተጠቅሞበታል።

የአለርት ተመራማሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2016 ሳይክሎስፖሪንን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ያነጻጸሩባቸውን ሁለት አነስተኛ ሙከራዎች ውጤት አሳተሙ። ሪአክሽኑ አዲስ በጀመራቸው ላይ ሳይክሎስፖሪን ማገርሸቱን አዘገየ፤ ለረጅም ጊዜ ሲመላለስባቸው በኖሩት ላይ ግን ፈጥኖ አገረሸ፤ እነርሱም የበለጠ ፕሬድኒሶሎን አስፈለጋቸው።