ስም የተቀረጸበት ዛፍ

በምዕራብ አየርላንድ፣ ጎልዌይ ውስጥ፣ የኩል ፓርክን ደን የሚጎበኝ ሁሉ አንድ ቅጠሉ ቀላ ያለ ትልቅ ዛፍ ሳያይ አይመለስም። ዬትስ፣ በርናርድ ሾው፣ ሲንጅና ሌሎችም ደራስያን የስማቸውን መነሻ ፊደል ግንዱ ላይ ቀርጸዋል። አስተናጋጃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የተከፈተውን የአቤይ ቴአትር ከመሠረቱት አንዷ፣ ሌዲ ግሪጎሪ ነበሩ።

የቤተሰቡ ስም ግን ሌላም ታሪክ አለው። በታላቁ ረኀብ ዘመን፣ በ1847፣ ኋላ ባለቤታቸው የሆኑት የፓርላማ አባል ዊሊያም ግሪጎሪ አንድ አንቀጽ በሕግ አስገቡ፤ ከሩብ ኤከር በላይ የያዘ ጢሰኛ መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ አያገኝም። ጢሰኛው ከመሬቱና ከጉርሱ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ።

ቤቱ በ1941 ፈረሰ፤ ደኑና ዛፉ ቀሩ። ግንዱ የደራስያኑን ስም ይዟል፤ መሬት ለቀው የወጡትን ጢሰኞች ግን ጎብኚው ራሱ ማስታወስ ይኖርበታል።